ጥቁሩ ማርማላታ

ሴትዮዋን የሰፈሩ ሰው «ተኳሿ» ይላታል። ጠመንጃ ነክታ አታውቅም፤ በእጇ የኖረው ካውያ ነው። በላውንደሪ ቤት የሰው አንሶላ፣ የሰው ሸሚዝ፣ የሰው የጠረጴዛ ልብስ ስትተኩስ ፀጉሯ ሸበተ። ቀኝ ክንዷ ከግራው ይወፍራል። የጣቶቿ ጫፍ ሙቀት መለየት ካቆመ ቆይቷል፤ የፈላ ድስት በባዶ እጇ ከምድጃ ስታወርድ ያያት እንግዳ «ኧረ እጅሽ!» ብሎ ሲጮህ፣ እሷ ዞር ብላ «ምን ሆነ?» ትላለች። ቁጣዋም እንደ ካውያዋ ነው ይባላል፤ ቶሎ ይግላል እንጂ ቶሎ አይበርድም። ይህን የሚሉት ሰዎች ውሸታቸውን አይደለም።

ባሏን ደግሞ «ጋሽ ጭልፋ» ይሉታል። ዕድሜውን የጨረሰው በጡብ ፋብሪካ ካንቲን ምግብ ሲያበስል ነው። ጡብ ፋብሪካ ማለት እሳት ማለት ነው። እቶኑ አጠገብ የሚሠራ ሰው ጠዋት ደረቅ ሸሚዝ ለብሶ ይገባል፣ ቀትር ላይ ይጨምቀዋል፤ ሲደርቅ ጀርባው ላይ ነጭ የጨው መስመር ይቀራል። ጋሽ ጭልፋ ምግቡን የሚያጣፍጠው ያንን መስመር እያየ ነበር። «ላቡን ላፈሰሰ ሰው ጨዉን መልሱለት» ይል ነበር ረዳቶቹን። ለቢሮ ሰዎች አንድ ድስት፣ ለእቶን ሰዎች ሌላ ድስት። ሲቀምስ በማንኪያ አይደለም፤ ከጭልፋው አንዲት ጠብታ እጁ ጀርባ ላይ ጠብ ያደርግና ላስ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አገር ምድሩን ረስቶ ይቆማል። ወጥ ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቀዋል። በዚያ ምላስ ላይ አቃቂር ያወጣ ሰው አልነበረም። አንዲት ሴት ብቻ።

ያቺ ሴት ተኳሿ ነበረች። ያኔ ገና ልጅ ሆና የፋብሪካውን የሥራ ልብስ እንድታጥብና እንድትተኩስ ተቀጥራ፣ በመጀመሪያው ቀን ሾርባዋን ይዛ ወደ ማደያው መስኮት ተመለሰች። «ጋሼ፣ ያቀረብክልን ሾርባ ነው ወይስ ባሕር?» አለችው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ጋሽ ጭልፋ ከላይ እስከ ታች አያትና «ዛሬ ነው የገባሽው? እንፋሎቱ ውስጥ ዋይና ነገ ነይ» አላት። በማግስቱ ያንኑ ሾርባ ጠጥታ ሳህኗን ይዛ ድጋሚ ተሰለፈች። እሱም እስከ አፉ ሞላላት። ዓመት ሳይሞላ ተጋቡ። የሰፈር ሰው እስከ ዛሬ «በጨው የተጣላች በጨው ታረቀች» እያለ ይቀልድባታል።

እንግዲህ እንዲህ ባለው ሰውዬ ላይ ነው ልቡ የደከመበት። አይ መከራ! ጡረታ በወጣ ማግስት፣ ገና ሳያርፍ። መጀመሪያ ጫማው እግሩ አልገባ አለ። ቀጥሎ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ይቆራረጥ ጀመር። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ልቡ ውሃውን መግፋት አቅቶታል ተባሉ። ኪኒን ተሰጠው፣ የሚጠጣው ውሃ በኩባያ ተለካ፣ በመጨረሻም ዶክተሩ ብዕሩን አስቀምጦ «ጨው የሚባል ነገር አፍዎ እንዳይገባ» አለው። ጋሽ ጭልፋ ሳቀ። ሰውዬው እየቀለደ መስሎት ነበር።

ተኳሿ ግን አልሳቀችም። ቤቷ እንደደረሰች ጫማዋን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ገባች። የጨው ጣሳውን፣ የሾርባ ማጣፈጫውን፣ የታሸገውን ዓሣ፣ አይቡን፣ ጨው የነካውን ቅቤ ሁሉ ለቃቅማ ለጎረቤት ሰጠች። የዳቦ ቤት ዳቦም ጨው አለው ሲሏት የራሷን መጋገር ጀመረች፤ ጨው የሌለው፣ ነጭ፣ ጣዕሙ እንደ ካርቶን። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት አንድ ደንብ ወጣ፤ እሷ ቀድማ ያልቀመሰችው ነገር አፉ አይገባም። ጎረቤት የላከውንም፣ ዘመድ ያመጣውንም፣ ልጃቸው የገዛችውንም አስቀድማ ትቀምሳለች። ሠላሳ ዓመት ለሌላው ሲቀምስ የኖረ ሰው አሁን እንደ ሕፃን ሲቀመስለት ዓይኑን ግድግዳ ላይ ተክሎ ይጠብቃል።

እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እንዳይሞትባት። እሱም የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ከመሞቱ በፊት ጨው ያለው አንዲት ጉርሻ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያች ቤት ሌላ ወሬ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«በየቀኑ ጭቃ ነው የምታበይኝ» ይላታል፣ ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ እያንከባለለ።

«ጭቃ በልቶ መኖር ይሻላል።»

«ለማን ነው የሚሻለው?»

«ለእኔ!» ትላለች። «ለእኔ ነው የሚሻለው፣ ምን ይጠበስ?»

እሱም ይስቃል፣ ይበላል። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይል ነበር። «እግሬ ሄዷል። ሳንባዬም ሄዷል። ምላሴ ግን እንዳለ ነው። ዛሬ የካንቲኑን ድስት ብታቀርቡልኝ የጎደለውን በአንዲት ጠብታ እነግራችኋለሁ።» ጠያቂ ሲመጣም ይሄንኑ ነው የሚያወራው። ሰው የቀረውን ነው የሚቆጥረው፣ ምን ያድርግ።

ተኳሿ ምሳዋን ላውንደሪው ውስጥ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ትበላለች። እዚያ ጨው አለ። መደበቅ አያስፈልግም፣ እሷም ሰው ናት፤ ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ቆማ ያለ ጨው እንዴት ይሆናል? ማታ ቤቷ ስትገባ ጋሽ ጭልፋ ከወንበሩ ሳይነሳ እጇን ይይዝና የእጅ አንጓዋን ይስማታል። ቆየት አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። እሷ ደስ ይላታል። በዚህ ዕድሜያችን እንዲህ ሆንን እያለች በልቧ ታፍራለች፣ ትኮራለችም። አንድ ቀን ግን ሲስማት የምላሱ ጫፍ ቆዳዋን ነካ፤ ያኔ ገባት። ሰውዬው ላቧን ነው የሚቀምሰው። ክው ብላ ቀረች። የሳቀች መሰላት፣ ግን ሳቅ አልወጣም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከላውንደሪው ስትወጣ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና እየታጠበች ትገባ ጀመር። የላብ ጨው ሰው እንደማይገድል ታውቃለች፣ ጅል አይደለችም። ግን አንድ ጊዜ እጇ ከላላ መቼም የማታቆም መሰላት። እሱ በመጀመሪያው ምሽት እጇን ስሞ ቀና ብሎ አያት። የሳሙናውን ሽታ አውቆታል። መሳሙን ግን አልተወም፤ ይህ ነው አንጀቷን የሚበላት።

ልጃቸው የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ከሩቅ የሚመጡ እንግዶች ሲሄዱ ግማሽ የቀረ ሳሙና፣ ሽቶ፣ ብስኩት ትተው ይሄዳሉ፤ አሠሪዋም «ውሰጂው» ትላታለች። አንድ የእረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ ከዚያ ያገኘችውን አጭር፣ ወፍራም ብልቃጥ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ውስጡ እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል። ጽሑፉን አንዳቸውም አያነቡትም።

«እማዬ፣ ይሄን ጠዋት ጠዋት ዳቦ ላይ ቀብተው ነው የሚበሉት።»

«ማርማላታ ነዋ።»

«መሰለኝ። አልቀመስኩትም።»

«እስቲ ወዲህ በሉት» አለ ጋሽ ጭልፋ። ክዳኑን ከፈተና አፍንጫውን አስጠግቶ አንዴ ሳብ አደረገ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ይህ ሰው የካንቲን ዕቃ ሲረከብ የኖረ ነው፤ የቢራ በርሜል ግርጌ የሚቀረውን እርሾ ሽታ ያውቃል፣ የጨውን ሽታ ደግሞ ጨው አይሸትም ለሚሉት እንኳ የሚመሰክር ሰው ነው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው እርሾና ጨው መሆኑን በዚያች አንድ ትንፋሽ አወቀ። ምራቁን ዋጠ። ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ ብልቃጡን ቀስ ብሎ መለሰና፣

«ማርማላታ ነው» አለ። «ከጥቁር ፍሬ የሚሠራ ዓይነት። ድሮ ለቢሮ ሰዎች ይመጣ ነበር።»

የተኳሿን ደስታ ባያችሁት! ጣፋጭ አልተከለከለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትነሳው የኖረች ሴት የምትሰጠው ነገር አገኘች። ወጥ ቤት ገብታ ያንን ካርቶን ዳቦዋን በትልቁ ቆረሰች፣ ጥቁሩን ነገር በማንኪያ ዝቃ የጣት ውፍረት ያህል ለቀለቀችበት፣ እንዳያንስበት ደግሞ ጨመረችበት። «ዛሬማ ትጠግባለህ፣ አንተ ሰውዬ!» እያለች በሳህን ይዛው መጣች። እሱ ሁለት እጁን ዘርግቷል።

ልትሰጠው ስትል ደንቡ ትዝ አላት።

«ቆይ፣ ልቅመሰው።»

«ማርማላታም ይቀመሳል እንዴ? ስጪኝ ባክሽ!»

«ደንብ ደንብ ነው» አለችና በአፏ ሙሉ ገመጠች።

ወይ ጉድ! ማርማላታ ብሎ ለጠበቀ አፍ የደረሰበትን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ምላሷ ተኮማተረ። ጨዉ ጉሮሮዋን ዘግቶ በአፍንጫዋ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ከጨዉ ኋላ ደግሞ መራራ ነገር፣ ከመራራው ኋላ የተቃጠለ ሥጋ የሚመስል ነገር መጣ፤ አንድ በርሜል ሾርባ ፈልቶ ፈልቶ አንዲት ማንኪያ የቀረ ይመስል። ዓይኗ በእንባ ተሞላ። ሮጣ መታጠቢያው ውስጥ ተፋችው፣ አፏን ተጉመጠመጠች፣ ደግማ ተጉመጠመጠች። ልጅቱ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «እማዬ! ፊትሽን ብታዪው!» ስትስቅ ስትስቅ ዞር ብላ አባቷን አየችና ሳቋ ተቆረጠ። ጋሽ ጭልፋ እጆቹን አሁንም እንደዘረጋ ነው። ዓይኑ ተነክሶ የቀረው ዳቦ ላይ ነው።

ተኳሿ አፏን እየጠረገች መጣች። አየችው፣ ብልቃጡን አየች፣ ደግማ እሱን አየች።

«አውቀሃል» አለች። «አሽትተህ አውቀሃል!»

«አዎ፣ አውቄያለሁ።»

«እያወቅህ?»

«አንዴ ብቻ» አለ። «አንዲት ቁራሽ። ስለ ፈጣሪ ብለሽ። ልጄ፣ አንቺ ንገሪያት።»

«እማዬ፣ ትንሽ ብትሰ...»

«አንቺ ዝም በይ!» ዳቦውን ከነሳህኑ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ደፋችው። «እኔ እዚህ ደፋ ቀና የምለው ለማን ነው? ጎንበስ ብዬ እግርህን የማሸው፣ ውሃህን የምለካው፣ ይሄን የማይበላ ዳቦ የምጋግረው ለማን ነው? ይሄ ሁሉ አንሶኝ አንተ ደግሞ ትሸነግለኛለህ? መሞት ከፈለግህ ሂድና ሙት!»

ይህን ብላ ስታበቃ ልጅቱ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ጋሽ ጭልፋ እጆቹን ሰብስቦ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። እንባው በጉንጩ እየወረደ ነበር፣ ሊጠርገው አልሞከረም። ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች በልቧ።

ብልቃጡን በማግስቱ ላውንደሪ ወሰደችው። ለጓደኞቿ ልትሰጥ ነበር፣ ምግብ አይጣልም ብላ። አንዷ በጣቷ ቀመሰችና «እትዬ፣ ይሄ የጫማ ቀለም ነው፣ ልትጨርሽን ነው እንዴ?» አለች። ሌላዋ አሽትታ ብቻ መለሰችው። ስለዚህ መደርደሪያው ላይ ከስታርች ጣሳዎቹ ጀርባ ገፋ አድርጋ ረሳችው። ቤት ውስጥ ግን የተረሳ ነገር አልነበረም። ጋሽ ጭልፋ የቀረበለትን ይበላል፣ ኪኒኑን ይውጣል፣ ሲያናግሩት ይመልሳል። ስለ ጨው ዳግመኛ አላነሳም። ማታ ስትገባም እጇን መሳም ተወ። ተኳሿ አንዳንድ ቀን ሆን ብላ ሳትታጠብ ገብታ፣ ወንበሩ አጠገብ ቆማ፣ እጇን አንጠልጥላ ጠብቃዋለች። እሱ «ደህና ዋልሽ» ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ ይመልሳል።

ብርዱ ሲጀምር አልጋ ያዘው። እብጠቱ ከእግሩ ወደ ሆዱ ወጣ፣ ጋደም ማለት አልችል አለ፣ ተቀምጦ ያንቀላፋል። ሐኪም ቤት አስገቡት። ውሃውን ቀነሱለት፣ ደግሞ ሞላ፤ ቀነሱለት፣ ደግሞ ሞላ። በመጨረሻ ዶክተሩ ተኳሿን ወደ ኮሪደሩ ጠራት። ልጅ እግር ነው፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«እማማ፣ ወደ ቤት ይውሰዷቸው።»

«ተሻለው ማለት ነው?»

«የፈለጉትን ይብሉ» አላት። «ያማራቸውን ነገር ሁሉ ይስጧቸው።»

«ጨውስ?»

«ጨውም ቢሆን። ከእንግዲህ ለውጥ አያመጣም።»

ተኳሿ «ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን ከለከልኩት?» አለች።

«ሁለቱን ዓመት የኖሩት በዚያ ነው እኮ፣ እማማ።»

በሩ ላይ ሆኖ ሌላም ነገር ነገራት፣ ግን ጆሮዋ ተዘግቶ ነበር። «የፈለጉትን ይብሉ» የምትለዋ ቃል ብቻ ጭንቅላቷ ውስጥ ትዞራለች። ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም።

ባሏን ቤት አድርሳ፣ ትራስ ደግፋ፣ ልጇን አጠገቡ አስቀምጣ ወደ ላውንደሪ ሄደች። የስታርች ጣሳዎቹን ገፋፍታ ብልቃጡን አወጣች። ጓደኞቿ አዩዋት፤ አንዳቸውም አልቀለዱም። በመንገዷ ዳቦ ቤት ጎራ አለችና ጨው ያለው፣ ትኩስ፣ ቅርፊቱ የሚንኮሻኮሽ ዳቦ ገዛች። ያንን ዳቦ በክንዷ አቅፋ ስትሄድ አንዲት ነገር ብቻ ነበር ሐሳቧ፤ እስክደርስ ይቆየኝ፣ አንዴ ብቻ ይቅመስ።

ቆይቶላታል። ልጅቱን ወደ ሥራዋ ሰደደቻት። ዳቦውን ቆርሳ ጠበስ አደረገች፣ ቅቤ ቀባች፣ በላዩ ጥቁሩን ነገር። ልጅቱ በኋላ ከማረፊያው ሰዎች ጠይቃ በስሱ ነው የሚቀባው ብላት ነበርና በስሱ ቀባችው። ከዚያ «የምን መሰሰት ነው» ብላ ደግማ ደረበችበት።

ጋሽ ጭልፋ ሳህኑን ሲያይ ዓይኑ በራ።

«እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ዶክተሩ ፈቅዶ ነው?»

«ዶክተሩን ተወው» አለች። «እኔ ፈቅጄ ነው።»

«አትቀምሺውም?»

«ዛሬ አልቀምስም። ብላ።»

እጁ አልበረታ ስላለ ራሷ ወደ አፉ አደረሰችለት። ገመጠ። ዓይኑን ጨፈነ። ቀስ ብሎ አላመጠ፣ ከአንድ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረው፣ ቆመ፣ ደግሞ አላመጠ። ተኳሿ ትንፋሿን ይዛ ፊቱን ትመለከታለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትፈራው የኖረችውንና ሁለት ዓመት ሙሉ ስትመኝለት የኖረችውን ነገር ነው የምትጠብቀው። ዋጠው። ዓይኑን ገለጠ።

«ጨው የለውም» አለ።

ሳቀች። «አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም። ጨው የለውም።» ደግሞ ገመጠ፣ አላመጠ። «ምንም የለውም። ምንድነው ያደረግሽው? ቀቅለሽ ጨዉን አወጣሽው? አይ፣ ይሄማ ሌላ ነገር ነው፣ ጥቁር ቀለም የነካ ዱቄት ነው።»

ተኳሿ ጣቷን ብልቃጡ ውስጥ ነክራ አፏ ውስጥ ከተተች። ጨዉ እንደዚያ ቀን ጉሮሮዋን ያዛት። ቆማ ቀረች። ዶክተሩ በሩ ላይ ሆኖ የነገራት አሁን ገና ጆሮዋ ገባ፤ «ምናልባት ጣዕም ላይታወቃቸው ይችላል፣ በሽታውም መድኃኒቱም ምላስ ያደነዝዛል፣ እንዳይደነግጡ» ነበር ያላት። ዘግይታለች። የዚያን ቀን አፉ ድረስ የመጣውን ዳቦ ቆሻሻ ውስጥ ደፍታ አሁን ነው ይዛ የመጣችው።

«ምላስህ ነው» ልትለው አፏን ከፈተች። ጨው ነው፣ ጨው ብቻ ነው፣ እመነኝ፣ በዚህ አልዋሽህም ልትለው። ካላለችው እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ እንደከለከለችው አምኖ ይሄዳል። ከነገረችው ደግሞ ጋሽ ጭልፋ ምላስ የሌለው ሰው ሆኖ ይሞታል። እሱ ትራሱን ተደግፎ በትዕግሥት ያያታል። ከንፈሩ ዳር ጥቁር ነገር ቀርቷል። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ያሸነፈ ሰው ፊት ነው።

«ደረስክብኝ» አለች ተኳሿ።

«አላልኩም?» አለ፤ ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፣ ከሳሉ መሃል ደግሞ ሳቀ። «እኔን! በምግብ እኔን ልታታልይ! ለዚህ ነዋ ሳትቀምሺ የሰጠሽኝ!»

«ምን ላድርግ። እንዳትሞትብኝ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። አንቺ ክፉ ሴት፣ አውቃለሁ።» እጁን ክንዷ ላይ ጣል አደረገ። «ግን ሌላ ጊዜ ስታታልይ ትንሽ ጨው ጣል አድርጊበት፤ ያኔ እንኳ ልሞኝልሽ እችል ይሆናል።»

ዳቦውን ግን ጨረሰው። «ደክመሽበታል» አለ። ከዚያ አንቀላፋ።

በቀሩት ቀናት ጠያቂ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ያወራል። አንዱ የድሮ የእቶን ሠራተኛ ይመጣል፣ ሌላዋ ጎረቤት ትመጣለች፣ ጋሽ ጭልፋ በሚቆራረጥ ትንፋሹ «ልታታልለኝ ነበር እኮ!» ብሎ ይጀምራል። «የጨው ምግብ ነው ብላ ባዶ ነገር ቀብታ... በአንድ ጉርሻ ነቃሁባት። ምላሴ እንዳለ ነው።» ሰዎቹ ይስቃሉ፣ «ጋሽ ጭልፋ ማን ሆነና!» ይላሉ። ሲወጡ ግን ተኳሿን በጎሪጥ ያዩአታል። ሞት አፋፍ ላይ ለደረሰ ሰው ጨው ትነፍጋለች የሚለው ወሬ ሰፈሩን ለማዳረስ አልዘገየም። ወደ ጆሮዋም ደረሰ። ጥርሷን ነክሳ ለጠያቂ ሻይ ታፈላለች።

በአንድ ማለዳ፣ ተቀምጦ እንዳንቀላፋ፣ አረፈ።

ከቀብሩ በኋላ ቤቱ በሰው ተሞላ። የካንቲን ረዳቶቹ፣ የእቶን ሰዎች፣ የሰፈሩ ሁሉ። ከእቶን ሰዎቹ መካከል ጀርባው የጎበጠ አንድ ሽማግሌ፣ የባሏን ሾርባ ዕድሜውን ሙሉ የጠጣ ሰው፣ ተኳሿ ፊት መጥቶ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ይቅር በይኝ፣ እህቴ፣ ካልተናገርኩ ይቆረቁረኛል» አለ። «የእኛን ላብ በጨው ሲመልስልን ለኖረ ሰው አንዴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ፣ አንዲት ቁንጣሪ ጨው ብታቀምሺው ምን ነበረበት?»

ሴቶቹ ዓይናቸውን ሰበሩ። እናቷ አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ ፊቷ ቀላ፤ ያንን ብልቃጥ ወጥ ቤት ውስጥ አግኝታ ቀምሳዋለች፣ ምን ያህል ጨው እንደሆነ ታውቃለች። «ጋሼ፣ እማዬ እኮ...» ብላ ከወንበሯ ተነሣች። ተኳሿ እጇን ይዛ ጎትታ አስቀመጠቻት።

«ልክ ነህ፣ ወንድሜ» አለችው ሽማግሌውን። «ጨከንኩበት። የእሱን ምላስ ግን ማሞኘት አልቻልኩም፤ ወዲያው ነው የነቃብኝ።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። «ነገሩ እሱን ማን ያታልለዋል» አለና ተመልሶ ከጓደኞቹ ጋር ተቀመጠ።